ወይራው ትንሽ ወደ ግራ

ዳርቱ ሂርጳን የማውቃት ከመሥሪያ ቤት ነው። አንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ጠረጴዛችን ተያይዞ ስድስት ዓመት ተቀምጠናል። እኔ ወለተማርያም እባላለሁ፤ በዕድሜ አሥር ዓመት ስለምበልጣት እትዬ ወለቴ ትለኛለች። ሥራችን ዶሴ ተቀብሎ ቁጥር መስጠት፣ መደርደርና ሲጠየቅ ፈልጎ ማውጣት ነው። ዳርቱ እጇ ፈጣን፣ አንደበቷ ቁጥብ ነው። ስለዚህ ሥዕል እንደምትሥል ያወቅሁት በሦስተኛው ዓመት ቢሆን አይፈረድብኝም።

ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም። ባለጉዳዩ ኮምፒውተር እስኪነሳ ብሎ ኮሪደሩ ላይ ተኮልኩሏል። ዳርቱ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ጣቷን ወዲያ ወዲህ ስታደርግ አየሁና ጌም የምትጫወት መስሎኝ በትከሻዋ በኩል አጮለቅሁ። ስልኩ ላይ የኔ ጫማ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር አውልቄ የተውኩት፣ ተረከዙ ወደ አንድ በኩል የተበላው ጫማዬ።

"ምነው በኔ ጫማ?" አልኳት።

ደንግጣ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። "ይቅርታ እትዬ። እዚህ ክፍል ውስጥ የማይንቀሳቀስ እሱ ብቻ ነው።"

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ቀስ በቀስ የነገረችኝ። አዲስ አበባ ዳር ወሰን በሚባለው ሰፈር ተወልዳ እዚያው ነው ያደገችው። አባቷ አቶ ሂርጳ ከተራራው ሥር ገብስና ባቄላ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ፤ ከተማው እየሰፋ መጥቶ እሳቸው ጋ ሲደርስ ሲግናል አካባቢ አንድ መጋዘን ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ። ዳርቱ ስምንተኛ ክፍል ሳለች የባዮሎጂ መምህሯ የልብና የኩላሊት ሥዕል በካርቶን ላይ ያሠሯት ነበር። ከትምህርት ቤቱ ከወጣች ከብዙ ጊዜ በኋላም ካርቶኖቹ ግድግዳ ላይ ነበሩ ይባላል። ሥዕል መማር ፈልጋ ነበር። ግን እሷ አሥረኛ ክፍል ሳለች እናቷ አረፉ፣ ቤቱ በአባቷ ደመወዝ ብቻ ቀረ፣ እሷም ቶሎ ሥራ የሚያስገኘውን ትምህርት መርጣ ተመረቀች። ከዚያ ወዲያ አሥራ ሁለት ዓመት እርሳስ ለጽሕፈት ካልሆነ አላነሳችም።

የስልኩን የሥዕል አፕ ያወረደችው ለመሞከር ያህል ነው። በነጻ የሚገኝ ነው። መጀመሪያ ላይ በጣቷ ነበር የምትሥለው፤ ጣቷ ደግሞ የምትሥለውን መስመር ራሱን ይሸፍንባታል። "ዓይኔን ጨፍኜ እንደምሥል ቁጠሪው" ትለኝ ነበር። ልቧን የገዛችው ግን ስክሪኑ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ወደ ኋላ የታጠፈች ቀስት ናት። ሲነኳት የመጨረሻው መስመር ይጠፋል። ዳርቱ "ይቅርታ" ብላ ስም አወጣችላት። "ወረቀት ላይ አንዴ ከተሳሳትሽ ላፒሱም ወረቀቱን ይበላዋል። እዚህ መቶ ጊዜ ይቅርታ ብትዪ አይሰለችም።"

የሚያስተምራት ሰው አልነበረም። በምሳ ሰዓት ሁላችንም ወደ ካፌ ስንወርድ እሷ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ በቢሮው ዋይፋይ ቪዲዮ ታያለች። በአማርኛ ያገኘችው ጥቂት ነበር፤ የቀሩት በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዱም በምን ቋንቋ እንደሆነ የማናውቀው ነው። ቋንቋው ሳይገባት እጃቸውን እያየች ትከተላለች። አንድ ቀን "ሌየር" የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ስጠይቃት ከመደርደሪያው ሦስት ብርሃን የሚያሳልፍ የዶሴ ላስቲክ አወጣች። አንዱ ላይ በማርከር ቤት፣ አንዱ ላይ ዛፍ፣ አንዱ ላይ ሰው ሠራችና አነባበረቻቸው። "ይኸውልሽ። ሰውየውን ሳልነካ ዛፉን አወጣዋለሁ" ብላ የመሐከሉን ላስቲክ ሳበችው። ገባኝ።

ዕቁብ ሲደርሳት ያገለገለ የሥዕል ፓድ ገዛች። ጥቁር፣ እንደ መጽሐፍ ስስ የሆነ ነገር ነው፤ የራሱ ስክሪን የለውም። በገመድ ከስልኩ ጋር ይያያዝና በእስክሪብቶው ፓዱ ላይ ስትሥል መስመሩ ስልኩ ላይ ይወጣል። እጅ ጠረጴዛው ላይ፣ ዓይን ሌላ ቦታ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት መስመሯ ሁሉ እንደ ሰከረ ሰው ነበር የሚሄደው። አንዴ የሠራችውን ሳይ ድመት መስሎኝ "ቆንጆ ድመት ናት" ብዬ የታክሲ ወንበር መሆኑን ነገረችኝ። አልተቀየመችም። በየቀኑ ሥራ ከመግባቷ በፊት ሃምሳ ክብ፣ ሃምሳ ቀጥ ያለ መስመር ትሠራ ጀመር። ተራ ሲደርሰን ታክሲ ውስጥ ስንሳፈርም ጣቷ ጉልበቷ ላይ ክብ ይሠራል። በሦስተኛው ወር የኔ ጫማ እንደገና ተሣለ፤ በዚህኛው ላይ የውስጡ ጨርቅ የተተረተረበት ቦታ ሳይቀር ይታይ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢቆም የትርፍ ሰዓት ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር።

በጥቅምት ወር አባቷን ዓይን ሐኪም ጋ ወሰደቻቸው። አቶ ሂርጳ ደረጃ ላይ ይደናቀፉ ጀምረው ነበር፣ ሻይ ሲቀዱም ከብርጭቆው ውጪ ያፈሱ ነበር። ሐኪሙ መርምሮ ሲያበቃ የዓይናቸው ነርቭ እንደተጎዳ፣ የጠፋውን መመለስ እንደማይቻል፣ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት እንደሆነ ነገራቸው። የቀረውም ብዙ እንዳልሆነ ለዳርቱ ለብቻዋ ነገራት።

ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ አቶ ሂርጳ "ቡርቃን ከኔ ሌላ የሚያስታውሰው ማን ቀረ?" አሏት።

ቡርቃ የድሮ ሰፈራቸው ስም ነው። በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነው፤ አሥራ አንድ ቤት የነበረበት፣ ዛሬ ወሰን በሚባለው ሰፈር ከተራራው ሥር የነበረ መንደር። አሁን ቦታው ላይ ባለ አራት ፎቅ ቤቶችና ጋራዦች ተሠርተውበታል።

"አቶ ቀጀላ አሉ፣ እትዬ ወለተጊዮርጊስም አሉ" አለች ዳርቱ።

"እነሱም አርጅተዋል። እኔ እንኳ ዓይኔን ስጨፍን ነው የማየው። ዓይኔ ሲጠፋ ያ ደግሞ አብሮ ይጥፋ አይጥፋ በምን አውቃለሁ?"

በማግስቱ ቢሮ ስትገባ ዓይኗ አብጦ ነበር። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ "አባዬ ዓይናቸው ሳይጠፋ ቡርቃን እሥላለሁ" አለችኝ።

"ፎቶ አላችሁ?"

"አንድም የለም። ፈርሶ ሲያልቅ እኔ ገና አልተወለድኩም።"

"ታዲያ ምን አይተሽ ትሥያለሽ?"

"እሳቸው ይነግሩኛላ" አለችኝ።

መጀመሪያ በእርሳስ ሠርታ አሳየቻቸው። አቶ ሂርጳ ወረቀቱን ወደ መስኮት ወስደው፣ አቅርበው፣ አርቀው ሲያበቁ "ባዶ ወረቀት ነው የሰጠሽኝ" አሉ። የእርሳሱ መስመር ለሳቸው ጭስ ነበር። ዳርቱ ያን ጊዜ ስልኩን አነሳች። መደቡን ጥቁር አደረገችው፣ መስመሩን ወፍራምና ቢጫ፣ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ጨመረችው። ያንኑ ሥዕል ገልብጣ ሰጠቻቸው።

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። "ይቺ የማን ቤት ናት?"

"የአቶ ቀጀላ። እርስዎ እንደነገሩኝ።"

"የቀጀላ በር ወደ ፀሐይ መውጫ ነው የሚያየው። ይሄ ወደ መንገዱ ዞሯል" አሉና ቆጣ አሉ። ዳርቱ ደስታዋን እንዴት እንደምትነግረኝ ጠፍቷት ነበር። አባቷ ተቆጧት ማለት አይተውታል ማለት ነው።

ከዚያ ጀምሮ ማታ ማታ ከራት በፊት አንድ ሰዓት ያህል አብረው ይቀመጣሉ። አንድ እሁድ እኔም ቤታቸው ነበርኩ። ዳርቱ ከሰፈሩ መሐል ያለውን ትልቅ ወይራ ሠርታ አስቀምጣለች። ሽማግሎች ሸንጎ የሚቀመጡበት ዛፍ ነው አሉ።

አቶ ሂርጳ ስልኩን ፊታቸው ላይ ለጥፈው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ወይራው እዚህ አልነበረም። ወደ ግራ ነው፤ ወደ ወንዙ ጠጋ ያለ።"

ዳርቱ ዛፉን በእስክሪብቶው ነካ አድርጋ ሳበችው። ወይራው ከነሥሩ ተንሸራቶ ሄደ።

አቶ ሂርጳ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ አሉ። "ምን አደረግሽው?"

"ወሰድኩት።"

"ሙሉ ወይራ ነቅለሽ?"

"አዎ። ይበቃል ወይስ ልጨምር?"

ሳቁ። እንዲህ ሲስቁ እኔ አላየሁም ነበር። "ትንሽ ወደ ግራ... ትንሽ... ኤዬ! እዚያ። ተዪው፣ እንዳትነኪው" አሉ። ኤዬ በኦሮምኛ አዎ ነው።

የዳርቱ ታላቅ እህት ቢፍቱ ግን ነገሩን አልወደደችውም። ሱቅ ውስጥ የምትሠራ፣ ቀልጣፋ ሴት ናት። አንድ ቅዳሜ መጥታ ዳርቱ አንድ አጥር ስትሠራና ስታፈርስ አየቻት። "ለምን ትደክሚያለሽ? አሁን እኮ ጽፈሽ ብቻ በአንድ ደቂቃ የሚሥልልሽ አፕ አለ" ብላ ስልኳን አወጣች። የኢትዮጵያ የድሮ የገበሬ መንደር፣ ተራራ፣ ምንጭ ብላ ጻፈች። እውነትም ደቂቃ አልፈጀም። ያማረ፣ ቀይ ፀሐይ የምትጠልቅበት፣ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ግራር ያለበት ሥዕል ወጣ። ለአባቷ አቀረበችላቸው።

"ይሄ የት አገር ነው?" አሉ አቶ ሂርጳ።

"ቡርቃ ነዋ፣ አባዬ።"

"ዝሆን አለበት እኮ።"

ቢፍቱ ስልኩን መልሳ አየችው። ከኋላ በኩል እውነትም ዝሆን ነበር። ሁላቸውም ሳቁ፤ ቢፍቱ ራሷም። ዳርቱ ብቻ አልሳቀችም፤ አጥሯን ቀጠለች። "ማሽኑ አልተሳሳተም። ማንም አልነገረውም፤ ለእኔ ግን እየተነገረኝ ነው" አለች።

መስመሩ እያለቀ ሲመጣ ቀለም ጀመረች፤ ቀለም ላይ ተሸነፈች። ሳሩም ዛፉም ተራራውም የፕላስቲክ ቅጠል ይመስላል። "የስልክ አረንጓዴ ሆነብኝ። ከዚህ ቢሮ ወጥቼ ተራራ ማየት አለብኝ" አለችኝ። በአንድ ቅዳሜ በሽሮ ሜዳ አድርገን ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣን። እኔ ለመሳለም፣ እሷ ለቀለም።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፓዱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ፀሐዩ ስክሪኑን አጠፋባት፤ ምንም አይታይም። ነጠላዋን አውልቃ ራሷንም ስልኩንም ጠቅልላ ተሸፋፈነችና በውስጡ መሥራት ጀመረች። ቁልቁል እየተመለከተች፣ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ተራራውን እያየች፣ ተመልሳ እየገባች። እጇ ሲሄድ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

በዚያ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ አይተዋት ቀረቡ። ወልደ ሐዋርያት እንደሚባሉ ኋላ ነገሩን። "አይዞሽ ልጄ" አሉ በሐዘን ድምፅ። "ማን ሞተብሽ?"

ከነጠላው ውስጥ "ማንም አልሞተብኝም አባ፣ ቀለም እየፈለግሁ ነው" የሚል ድምፅ ወጣ።

እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ዘወር አልኩ። ዳርቱ አፍራ ተነሳችና ነገሩን አስረዳቻቸው። መሪጌታ አልሳቁም። በነጠላው ጥላ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን ደህና አድርገው አዩና በመቋሚያቸው ሩቁን ጋራ አመለከቱ። "ያን ጋራ አረንጓዴ አድርገሽዋል። አሁን እዪው። አረንጓዴ ነው?"

ዳርቱ አየች። ቀለም መምረጫውን ከፍታ ፈልጋ ፈልጋ አንድ ቀለም አወጣች። ለብቻው ሲታይ የምድጃ አመድ ነው። ሥዕሉ ላይ ስታደርገው ግን ጋራው ወደ ኋላ ሄደ፤ ከፊቱ ያለው መስክ ሰፋ። መሪጌታ "በይ" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያው ነበርን፤ ስንመለስ እሷ አሥራ ሰባት ዓይነት አረንጓዴ ይዛ ነበር፤ አብዛኞቹ አረንጓዴ አይመስሉም።

በየካቲት አንድ ሰኞ ጠዋት መገናኛ ታክሲ ስትጠብቅ ፋይሉን ልትከፍት ሞከረች። አልከፈት አለ። ጥቁር ስክሪንና አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቻ ወጣ። አራት ወር የሠራችው ሁሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ነበር፤ ስድሳ ሌየር፣ እያንዳንዱ በባለቤቱ ስም የተሰየመ።

ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ሲግናል ወዳለ ገመቺስ የሚባል ስልክ ጠጋኝ ሄደች። እኔም አብሬያት ሄድኩ። ገመቺስ ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር አያይዞ አንድ ሰዓት ያህል ታገለ። ሰው ለማስከፈል ብሎ ተስፋ የሚሰጥ ዓይነት ልጅ አልነበረም።

"ስልክሽ ሞልቶ ነበር፤ ፋይሉን ሲያስቀምጥ ግማሽ ላይ ቆሟል። ሌላ ቦታ ኮፒ የለሽም?" አላት።

"የለኝም።"

"እንግዲህ የለም ማለት ነው" አለና ስልኩን መለሰላት። ገንዘብ አልተቀበላትም።

የቀረን ነገር በቴሌግራም የላከችልኝ ሦስት ብዥ ያሉ ምስሎች ናቸው። ማታ ለአባቷ ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። አቶ ሂርጳ ሰምተው ሲያበቁ ራሷን እየዳበሱ "ምን ያስለቅስሻል? የጠፋው ያንቺ ነው። የኔው አለ። ከየት ልጀምርልሽ?" አሏት።

ማክሰኞ ቢሮ ገብታ ዶሴዋን እንደ ወትሮው ደረደረች። በምሳ ሰዓት ደብተር አውጥታ ገጹን በአራት ከፈለችው። "ሥዕሉን ለአራት ቆርጬ ነው የምሠራው፤ ስልኩ እንዳይታፈን። አንዱ ክፍል ባለቀ ቁጥር አንድ ኮፒ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ቴሌግራም ላይ፣ አንድ ያንቺ ኮምፒውተር ላይ። አንቺ ከጠፋሽ ብቻ ነው የሚጠፋ" አለችኝ። እንግዲህ እኔም በዚህ ሥራ ኃላፊነት አገኘሁ፤ ዓርብ ዓርብ ከሥራ በፊት ፋይል እቀበላለሁ። መዝገብ ቤት ነን፣ ቁጥር ሰጥቼ አስቀምጠዋለሁ።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ፈጠነ። እጇ አሁን መንገዱን ያውቀዋል። የአቶ ሂርጳ ዓይን ግን በዚያው ፍጥነት እየሄደ ነበር። ሰኔ ላይ ስክሪኑ መብራቱን እንጂ ያለበትን ነገር አይለዩም ነበር። ዳርቱ ስትጠይቅ እሳቸው በቃል ይመልሳሉ፤ ብዙውን በዚያ ተወጡት። አንድ ነገር ግን በቃል እምቢ አለ፤ ከቤቶቹ ወደ ምንጩ የምትወርደው ቀጭን መንገድ። "ድንጋዩን ዞራ... ከዚያ ትወርድና... እንዲህ ትሄዳለች" እያሉ እጃቸው አየሩ ላይ ይታጠፋል። ዳርቱ አምስት ጊዜ ሠርታ አምስት ጊዜ "እንጃ፣ እንዲህ አይመስለኝም" ተባለች።

በስድስተኛው ጊዜ የአባቷን እጅ ያዘች። አመልካች ጣታቸውን ስልኩ ላይ አሳረፈችውና "ይሄ የእርስዎ በር ነው። ይሂዱ" አለቻቸው።

"አበላሸዋለሁ።"

"ይቅርታ አለ፤ ምንም አይሆንም።"

ጣታቸው ቆመ፤ ከዚያ ተነቃነቀ። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ቀስ እያሉ ወረዱ፣ አንድ ቦታ ዞሩ፣ ትንሽ ቆሙ፣ "እዚህ ታዳልጣለች" አሉ፣ ወደ ቀኝ ታጠፉ፣ ጨረሱ። "ምንጩ ጋ ደርሻለሁ" አሉና እጃቸውን አነሱ።

ዳርቱ አዲስ ሌየር ከፍታ ነበር ያሠራቻቸው። ከራሷ መስመር ጋር ስታስተያየው የሳቸው እየተንቀጠቀጠ የወረደ ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ያስተካክለው ነበር። እሷ አንድ ነጥብ አልነካችም። ያፈር ቀለም ሰጠችውና ስሙን "የአባዬ" ብላ አስቀመጠችው።

ሥዕሉ ነሐሴ ላይ አለቀ። ማተም ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። መገናኛ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ትንሽ ናሙና ሲያወጣላት ስልክ ላይ ያበራ የነበረው መስክ ጨልሞ ወጣ። ባለሙያው "ስክሪን ብርሃን ነው፣ ይሄ ቀለም ነው፤ አንድ አይሆኑም" አላት። ናሙናውን ይዛ መጣች፣ ከስልኩ ጎን ቢሮ መስኮት ላይ ለጠፈችው፣ እያንዳንዱን አረንጓዴ አንድ በአንድ አነሳችው። በሁለተኛው ናሙና ሰማዩ ወደ ወይን ጠጅ ዞረ። ሰውየው "ይሄ ይበቃል፣ ማን ያየዋል?" ሲላት "የሚያዩት ሰዎች እዚያ የኖሩ ናቸው" ብላው ተመለሰች። አራተኛውን ናሙና ተቀበለችው። አራቱ ክፍል ተገጣጥሞ ሁለት ሜትር ተኩል ወርድ ያለው ባነር ሆኖ ወጣ።

በጥቅምት አንድ እሁድ የቡርቃ ሰዎች አቶ ሂርጳ ቤት ተጠሩ። ከአሥራ አንዱ ቤት የተገኙት የአምስቱ ናቸው፤ የቀሩት የሉም፣ ወይም የት እንዳሉ አይታወቅም። አቶ ቀጀላ ከጉልበታቸው ሕመም ጋር እየተደገፉ መጡ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ከኮተቤ ከልጃቸው ጋር መጡ። ባነሩ ግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሯል።

አቶ ቀጀላ ቆመው አዩ አዩና "የኔ በር!" ብለው ጮኹ። ከዚያ ቤቱ ሁካታ ሆነ። ይሄ የእገሌ አጥር ነው፣ አይደለም የእገሌ ነው፣ በሬዎቹ እዚህ ነበር የሚያድሩት፣ አንተ ያኔ ሕፃን ነበርክ ምን ታውቃለህ። አማርኛውም ኦሮምኛውም ተደባለቀ። ሁለት ሽማግሎች የባቄላው ማሳ ድንበር ላይ ተጣሉ፤ ከአርባ ዓመት በፊትም በዚያው ድንበር ተጣልተው ነበር አሉኝ።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ግን ጠጋ ብለው በጣታቸው ወደ ምንጩ የምትወርደውን መንገድ ተከተሉ። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። "እዚህ ታዳልጣለች። እንስራ የሰበርኩት እዚህ ነው። ይቺን መንገድ ማን ሠራት?"

ከጥግ አቶ ሂርጳ "እኔ ነኝ" አሉ። አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለዩት። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡና እጃቸውን ያዙ። ዳርቱ ኩሽና ገብታ ለረጅም ጊዜ አልወጣችም።

ያን ቀን ሦስት ቤተሰብ የየቤታቸውን ሥዕል እንድትሠራላቸው ጠየቋት። ከሌላ የፈረሰ ሰፈርም ሰዎች ሰምተው ቢሮ ድረስ የመጡ አሉ። አንዳንዶቹን ተቀብላለች፤ እሁድ እሁድ ሽማግሎቹ ቤት ሄዳ እየጠየቀች ትሠራለች። ሥራዋን ግን አልተወችም፤ ልትተውም አላሰበችም። ራሷን ሠዓሊ ብላም አታስተዋውቅም። ሰው ሲጠይቃት "መዝገብ ቤት ነው የምሠራው" ትላለች።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ የሆነውን የነገረችኝ በሳምንቱ ነው። አባቷ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ "አሁን ደግሞ የዛሬውን ወሰን ሥዪ" አሏት።

"የትኛውን ወሰን?"

"ይሄን ያለውን። ጋራዡን፣ ሱቁን፣ ታክሲ የሚሰለፉበትን።"

"አባዬ፣ እሱ እኮ አለ። ወጥቼ ባየው አለ።"

"ቡርቃም ነበረ" አሉ።

ስለዚህ አሁን ቅዳሜ ጠዋት ወሰን ብትሄዱ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለው ጋራዥ ፊት ለፊት ዳርቱን ታገኟታላችሁ። ነጠላ ተከናንባ፣ ፓዷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጣለች። ባለፈው ቅዳሜ አብሬያት ነበርኩ። ግራሶ የተቀባ አንድ መካኒክ ከመኪና ሥር ብቅ ብሎ "እህቴ፣ ይሄን ቆሻሻ ጋራዥ ለምን ትሥያለሽ? ወደዚያ ዞር ብትዪ ተራራ አለልሽ" አላት።

ዳርቱ ቀና አላለችም። "ተራራው ይቆያል። ወንድሜ፣ እግርህን ትንሽ ሰብስብልኝ፤ የጎማውን ጽሑፍ ከልለህብኛል" አለችው።

እግሩን ሰበሰበ።